ልብስ ማጠቢያ ቤት የተማርኩት አሜሪካ

የአሜሪካን ታሪክ የተማርኩት ኖርዌይ፣ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር፣ የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት ማድረቂያና አንድ ጋሼ ባሉበት።

ታሪክ አልወድም ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት በሕፃናት እንክብካቤ ሙያ ነው። በዚያ ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ገብቶ መሥራት ይቻላል፤ ልጅ ማቀፍ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ የዝናብ ሱሪ ማልበስ። የባርነሃገ መምህርት ለመሆን ግን ኮሌጅ ያስፈልጋል፤ ኮሌጅ ለመግባት ደግሞ እዚህ ፖቢግ የሚሉትን የአንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት መጨረስ። ተማርኩት። ሁሉንም አለፍኩ፣ ከታሪክ በቀር። ወድቄም አይደለም፤ ከመቅረቴ ብዛት ውጤት የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። በማንም አላሳብብም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀምጦ ስለሞቱ ሰዎች መስማት አልሆነልኝም፣ በቃ።

የቀረኝ በግል ተመዝግቤ የቃል ፈተና መውሰድ ነበር። በግንቦት ካለፍኩ በነሐሴ ኮሌጅ እገባለሁ። ካላለፍኩ ሌላ ዓመት ቪካር። ቪካር ማለት በየጠዋቱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚጠብቅ ተተኪ ሠራተኛ ነው። ቶየን ሰፈር ያለ አንድ ባርነሃገ ውስጥ ሰው ሲታመም ይጠሩኛል፤ ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ቤቴ ጋደም ብዬ ጣሪያ አያለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ልጆቹ እንኳን ለምደውኝ፣ ከበር ስገባ "ዛሬ ማን ታሞ መጣሽ?" ይሉኝ ነበር። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ እቆያለሁ።

ጋሼን ያመጣቻቸው እናቴ ናት። ከኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት በማጽዳት የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። አገር ቤት እያሉ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እናቴ የምታውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኔ ከሊፍት ውስጥ። ሁልጊዜ ባርኔጣ፣ ሁልጊዜ "ትምህርት እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ፣ ከኔም ሁልጊዜ "ጥሩ ነው" የሚል ውሸት። እዚህ ወረቀት ላይ "እሳቸው" እያልኩ ነው፤ ፊት ለፊት ግን "አንተ" ነበር የምላቸው፣ እዚህ እንዳደጉት እኩዮቼ ሁሉ። እናቴ በዚህ ትቆነጥጠኛለች። እስቲ በጽሑፍ ልካሳቸው።

"እባክዎ ይቺን ልጅ ታሪክ ያስጠኑልኝ" አለቻቸው አንድ እሑድ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እንደሌለሁ ሁሉ።

"ደስ ይለኛል። ከእሑድ ሌላ ቅዳሜ ብቻ ነው የማርፈው፤ ቅዳሜ ደግሞ ልብስ አጥባለሁ።"

"ታዲያ እሷም ታጥባለቻ! የቤቱ ቆሻሻ ልብስ ሞልቷል።"

እንዲህ ተሸጥኩ።

ማጠቢያ ቤቱን የሕንጻው ሰው ሁሉ ይጋራዋል። ግድግዳው ላይ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። የቤትሽ ቁጥር ያለበትን ትንሽ ጓጉንቸር የፈለግሽው ሰዓት ላይ ታንጠለጥያለሽ፤ ያ ሰዓት ያንቺ ነው። ቅዳሜ ከሦስት እስከ ስድስት የጋሼ ነው። የቅዳሜ ጠዋትን የያዘ ሰው በሕይወት እያለ አይለቅም። ጋሼ ግን የአንድ ሰው ልብስ ይዘው ሦስቱን ሰዓት ምን እንደሚያደርጉበት እስከዚያ ድረስ የገባው ሰው አልነበረም። ያነቡበታል። ሙቀት ነው፣ ዝምታ ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ለሳቸው ዝምታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስልኬን አወጣሁ።

"ደብተር የለሽም?"

"ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።"

"ስልክ ሲደወልልሽ ታሪኩ ይቋረጣል። ደብተር።"

ወጥቼ የእህቴን የሒሳብ ደብተር ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ቲሸርቶቻቸውን አንድ በአንድ እያገላበጡ ማሽኑ ውስጥ ከተቱ፣ በሩን ዘጉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እዚያው ፊት ለፊቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ጀርባቸው ቀና።

"ጻፊ።"

"በኖርዌጅኛ?"

"በአማርኛ። መጀመሪያ የገባሽ በሚገባሽ ቋንቋ ይሁን።"

ጻፍኩ። አሜሪካ ወደ ምዕራብ ተስፋፍታ ተስፋፍታ ባሕር ላይ ደረሰች። ፋብሪካዎቿ በዙ፤ አገሬው ገዝቶ ከሚጨርሰው በላይ ያመርታሉ። አሁን ዓይኗ ባሕሩን ተሻገረ። "በ1890፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከስፔን ጋር ጦርነት ገጠመች። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ መዘርጋት በጀመረበት ዓመት ማለት ነው። ዓመትን ከምታውቂው ነገር ጋር እሰሪው፣ አይጠፋብሽም።"

"ለምን ተዋጋች?"

"ኩባን ነፃ ላወጣ ነው አለች።"

"አወጣች?"

"ስፔንን አስወጣች።"

"እሱማ ሌላ ነው።"

"ይኸው ገባሽ።"

"ፊሊፒንስስ? እዚህ ጋ ፊሊፒንስ ብለኸኛል።"

"እሷን ያዘቻት። ሕዝቡ እምቢ ብሎ ተዋጋ፤ አሜሪካ ግን ቆየች።"

"በቃ ውሸታሞች ናቸው በለኛ! ምን ታደክመኛለህ?"

ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ሊፍት ውስጥ አይስቁም። "ውሸታም ናቸው ብለሽ ከጻፍሽ ሥራሽ አለቀ። ለምን ብለሽ ከጻፍሽ ግን ገና መጀመርሽ ነው። መርከቦቿ መንገድ ላይ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ይፈልጋሉ። ነጋዴዎቿ ቻይና ገብተው መሸጥ ይፈልጋሉ። ነፃ ማውጣት ነው ብለው ከልባቸው ያመኑም ነበሩ። ሁሉንም ጻፊ።"

"ጋሼ፣ ዓመትና ርዕስ ብቻ ስጠኝ፤ እሸመድደዋለሁ።"

"ሸምድደሽ ምን ልትሆኚ?"

"ላልፍ ነዋ!"

"ጻፊ" አሉ፣ እንዳልሰሙኝ።

እንደዚያ ነው የቀጠልነው። ውጪ በረዶው ቀልጦ እንደገና እየወረደ፣ እኛ ምድር ቤት የፓናማን ቦይ እንቆፍራለን። 1906፣ ነሐሴ፣ ቦዩ ተከፈተ። አንዳንድ ቅዳሜ ቀርቼ መተኛት ያምረኝ ነበር፤ ግን እናቴ ቅርጫቱን በር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልብሱ ደግሞ መታጠብ አለበት።

ታሪክ የያዘኝን ቀን አውቀዋለሁ። ስለ ኢንዱስትሪውና ስለ ማሻሻያው ዘመን ነበር ትምህርቱ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ። ጋሼ በኒውዮርክ ስለነበረ አንድ የልብስ ፋብሪካ አነሡ። 1903፣ መጋቢት። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ልጃገረዶች፣ አንዳንዶቹ ከኔ ያነሱ። እሳት ተነሣ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር።

እስክሪብቶዬን አቆምኩ። "ማን ነው የቆለፈው?"

ማሽኑ ውሃውን መድፋት ጀመረ፤ ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቁ።

"አለቆቹ። ሠራተኞቹ ሳይፈተሹ እንዳይወጡ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሕዝቡ ጮኸ። ሠልፍ ወጣ። የበር ሕግ፣ የሥራ ሰዓት ሕግ፣ የተቆጣጣሪ ሕግ፣ እየተጎተተም ቢሆን መጣ። ማሻሻያ የሚባለው እሱ ነው። ደግ ሰው ከላይ አልጣለውም፤ የሞቱት ልጆች ጓደኞች ናቸው ጎትተው ያመጡት።" በአገጫቸው ከበራችን በላይ ወዳለው አረንጓዴ የመውጫ መብራት ጠቆሙኝ። "ያ ዝም ብሎ የበቀለ መስሎሽ ነበር?"

በሚቀጥለው ሰኞ ባርነሃገ ተጠራሁ። መጀመሪያ ያየሁት የኋላ በሩን ነው። ገፋሁት፤ ተከፈተ። እስካሁንም በሄድኩ ቁጥር እገፋዋለሁ። ሰው ሲያየኝ እጀታውን እየሞከርኩ ነው እላለሁ።

የባንኮቹን ውድቀት ደግሞ ሰሌዳው ፊት አቁመው ነው ያስተማሩኝ።

"ስንት ጓጉንቸር አለ?"

"ብዙ።"

"ማሽንስ?"

"ሦስት።"

"እያንዳንዱ ባለ ጓጉንቸር ማሽን አለኝ ይላል። ይዋሻል?"

"ናይ፣ አይዋሽም። አለውኮ። በተራው።"

"ነገ ጠዋት 'ማሽኖቹ ሊነሡ ነው' ተብሎ ቢወራስ?"

"ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ይወርዳል።"

"ማሽኖቹ ግን ያው ሦስት ናቸው። አየሽ፣ ባንክም እንደዚህ ነው። የወደቀው፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ስለወረደበት ነው።" ከዚያ ወደ ሌላው ሄዱ፤ ፋብሪካው ያመረተውን የሚገዛ ጠፋ፣ ስለዚህ ሠራተኛው ተባረረ፣ ሠራተኛው ስለተባረረ የሚገዛው ይበልጥ ጠፋ። "የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተንኮታኮተው በ1922፣ ጥቅምት ላይ ነው። ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የቡና ገበሬ ሳይቀር ዋጋው ወደቀበት።"

ስድስት ሰዓት ላይ የቀጣዩ ሰዓት ባለቤት በሩን ከፈቱት፤ ከምድር ወለል የሚኖሩ ኖርዌያዊት አሮጊት ናቸው። ባልዲው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን፣ እጃቸውን አጣምረው የቆሙትን ጋሼን አዩ።

"ይሄ ማጠቢያ ቤት ነው ትምህርት ቤት?"

"ሁለቱም" አሉ ጋሼ በቀስታ ኖርዌጅኛቸው። "ዛሬ የአሜሪካን የመልካም ጉርብትና ፖሊሲ ልንጀምር ነበር።"

"መልካም ጎረቤት" አሉ አሮጊቷ፣ ማድረቂያውን ከፍተው ከማጣሪያው ላይ ወፍራም ብናኝ እየላጡ፣ "ይሄንን አጽድቶ ይወጣል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ማጣሪያውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ጋሼም ፖሊሲውን የጀመሩልኝ ከዚሁ ነው፤ በሰው ግቢ ወታደር ይዞ መግባት ትቶ እንደ ጎረቤት ለመኖር መሞከር።

ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ደብተሩን ወደ ኖርዌጅኛ ገለበጥኩ። የኮርሱን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼው ነበር፤ ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ጋሼ እያሉ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል? ቃሉን ሁሉ በጥንቃቄ ተረጎምኩ። ጥቅምትን ኦክቶበር፣ ሚያዝያን ኤፕሪል አልኩ። ቁጥሩን ግን ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ እንዳለ ገለበጥኩት።

አሁን አንባቢው ጭንቅላቱን እንደያዘ አውቃለሁ።

የፈተናው ቀን ትራም ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ግሩነርሎካ የሚባለውን ሰፈር በእግሬ አቋረጥኩት። ሰው ውጪ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፤ እኔ እንደ እብድ ብቻዬን አወራለሁ። ስደርስ ርዕሱን ሰጡኝ፦ አሜሪካ፣ ከባሕር ማዶ መስፋፋት እስከ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት። በደስታ ልጮህ ነበር። ግማሽ ሰዓት ተዘጋጅቼ ገባሁ።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ ሹራብ የለበሰች ወጣት መምህርትና ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ። ጀመርኩ። ከስፔን ጋር ጦርነት፣ ኤፕሪል 1890። መምህርቷ ቅንድቧን ሰበሰበች። የፓናማ ቦይ፣ ኦገስት 1906። የሆነ ነገር ጻፈች። ስትጽፍ ጥሩ ነው ብዬ ፈጠንኩ። የአክሲዮን ገበያው፣ ኦክቶበር 1922።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። "ስንት አልሽ?"

"1922።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ያ፣ አዎ።" እርግጠኛ ነበርኩ። እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

"የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትስ መቼ አለቀ?"

"ኖቬምበር 1911።"

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስክሪብቶ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልክ ላይ አፍጥጬ የምጠብቅበት ሌላ ዓመት በዓይኔ ዞረ። ዛሬ ማን ታሞ መጣሽ?

ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን አውርደው ወረቀታቸው ላይ ይደምሩ ይቀንሱ ጀመር። "ስምንት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ሰባት" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፦ "ወሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። በግምት የሚሳሳት ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይሳሳትም። የት ነው የተማርሽው?"

"ልብስ ማጠቢያ ቤት።"

መምህርቷ አሳላት።

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ።" ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓመቱም አማርኛ ነበር። እቤት እናቴ የልደቴን ዓመት በኛ ትናገራለች፤ ወረቀት ላይ በፈረንጆቹ እሞላለሁ። ሁለቱ በጭንቅላቴ ውስጥ በሁለት መሳቢያ ተቀምጠው አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም።

ሳይፈቅዱልኝ ተነሥቼ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። የኛ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ዲሴምበር ሰባት ይደመራል፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ስምንት አልኳቸው።

"ፈተናው ላይ የሚጠበቀው ግን በዚህ አቆጣጠር ነው" አለች መምህርቷ። እውነቷን ነው።

"አውቃለሁ። ስንት ደቂቃ አለኝ?"

"አስር።"

ሁሉንም ቀየርኳቸው። 1898። 1914። 1929። 1918። ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ፤ በስባሪው ቀጠልኩ። ስጨርስ ሽማግሌው፦ "ዓመቱ ይበቃል። ባንኮቹ ለምን ወደቁ?" አሉ።

ስለ ማጠቢያ ቤቱ ሰሌዳ፣ ስለ ጓጉንቸሮቹና ስለ ሦስቱ ማሽኖች ነገርኳቸው። ነገ ማሽኑ ሊነሣ ነው ተብሎ ቢወራ ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ እንደሚወርድ ስል መምህርቷ ሳቀች፤ ለካ እሷም ምድር ቤት ነው የምታጥበው። ከዚያ ስለ ማሻሻያው ዘመን ጠየቀችኝ፤ የተቆለፈውን በር አነሣሁ። ስለ እሱማ ደቂቃው አልቆ እንኳን ማቆም አልቻልኩም።

ኮሪደር ላይ ጥቂት አስጠብቀው ጠሩኝ። ከስድስት አራት። ለማለፍ ሁለት ይበቃኝ ነበር፤ እኔ አራት አገኘሁ። የመምህርቷን እጅ ከልክ በላይ ጨበጥኩት። ሽማግሌው ከክፍሉ ስወጣ፦ "ለማጠቢያ ቤቱ አስተማሪ ሰላምታ አድርሺልኝ" አሉ። ፈጥነው ሊጥሉኝ ይችሉ ነበር። ቆም ብለው ስለቀነሱልኝ እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ወረድኩ፤ ያለ ልብስ። ባልዲዬ ተገልብጦ ይጠብቀኛል።

"አለፍኩ ጋሼ! አራት!"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማሽኑ ላይ አስቀመጡት፣ መልሰው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ከዚያ ወዲያው አስተማሪ ሆነው፣ "ምን ጠየቁሽ?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አፌን ታውቁታላችሁ። የዓመቱን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

"በኛ አቆጣጠር ነገርኩሽ?"

"ሁሉንም።"

"እኔ እኮ ዓመት የማስበው... " ሳይጨርሱት ባልዲው ላይ ተቀመጡ። "ላስጥልሽ ነበር።"

"ናይ፣ ጋሼ። ዓመቱን በመጽሐፍ ማየት የኔ ሥራ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ያለፍኩት ደግሞ አንተ ባስተማርከኝ ነው። ማን ቆለፈው ስልህ ማሽኑ እስኪጨርስ ጠብቀህ ነው የመለስክልኝ። እንደዚያ የመለሰልኝ ሰው የለም።" ማመስገን አይሆንልኝም፤ የቁጣ ድምፅ ነበረው። "አመሰግናለሁ። እርስዎን።"

ቀና ብለው አዩኝ። አምስት ቀን የሌላ ሰው ክፍል፣ የሌላ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ሥር ወለል ሲያጸዱ የሚውሉ ሰው ናቸው። ስለዚያ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። በስድስተኛው ቀን ጀርባቸውን ቀና አድርገው እኔን አስተማሩ። አንድም ቅዳሜ አልቀሩም።

"ደብተሩን አምጪው" አሉ።

"ፈተናው አልቋልኮ።"

"ደብተሩ አላለቀም። ስህተት ይዞ አይቀመጥም።"

አመጣሁት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከኪሳቸው ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጡ፣ በየዓመቱ አጠገብ የፈረንጆቹን መጻፍ ጀመሩ። እጃቸው ከማጠቢያው ሙቀት እርጥብ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ይፈሳል። 1890 አጠገብ 1897 ብለው ጻፉ።

"ጋሼ፣ ስምንት ነው የሚደመረው። ሚያዝያ እኮ ነው።"

አዩት። ቆጠሩ፣ በጣታቸው። ሰባቷን ወደ ስምንት ቀየሯት፣ ደፍጥጠው።

"ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አሉ ተቆጥተው፤ ከንፈራቸው ግን እየሳቀ ነበር። "ቀጥይ፣ አንቺ ቁጠሪ፣ እኔ ልጻፍ።"

ቆጠርኩ፤ ጋሼ ጻፉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አሮጊቷ ከነቅርጫታቸው መጡ። ማጣሪያውን አጽድቼ ሰጠኋቸው።